ወንድሙን ከጉድጓድ ሊያወጣ የወረደ ሰው
በደብራችን የሃምሳኛው ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ይህችን ደብር ከተተከለችበት ቀን ጀምሮ ጠብቆ ለሃምሳኛው ዓመቷ ያደረሰ ቸሩ አምላካችን ምስጋና ይድረሰው። የበዓሉ አዘጋጆች በዚህ ቀን እንድናገር ያዘዙኝ፥ በጦርነት ጊዜ ስለ አገራቸውና ስለ ወንድሞቻቸው ሕይወታቸውን የሰጡትን ሰዎች ለማሰብ ነው። ትእዛዙን በተቀበልሁ ጊዜ፥ ከእኛ ወገን የሆኑት ጀግኖች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ስለ ማን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። በመጨረሻም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁትን አንድ የባዕድ አገር ሰው መረጥሁ። እርሱም ጆን ኬልቪን ኮልሽ የተባለ፥ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ የሄሊኮፕተር አብራሪ የነበረ፥ በኮርያ ጦርነት ጊዜ በምርኮ የሞተ ሌተና ነው።

ባዕዱን ስለ ምን መረጥኸው የሚለኝ ሰው ቢኖር፥ ምክንያቴ ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ይህ ሰው ያገለገለበትና የሞተበት ጦርነት የእኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ደማቸውን ያፈሰሱበት ጦርነት ነው። ሁለተኛ፥ ሥራው ሰውን ማጥፋት ሳይሆን ሰውን ማውጣት ነበር። ሦስተኛውን ምክንያት ግን አሁን አልናገረውም፤ የራሴን ጥፋት የሚነካ ነገር ስለ ሆነ በንግግሬ መጨረሻ እናዘዘዋለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ነቢዩ ኤርምያስ እውነትን ስለ ተናገረ መኳንንቱ ተቈጥተው ውኃ በሌለበት ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት። በዚያም በረሃብ ሊሞት ሳለ፥ በንጉሡ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የተባለ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም። ንጉሡን ለምኖ ሰዎችን ይዞ ሄደ። ገመድ ብቻ አልያዘም፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅም ፈልጎ አብሮ አወረደ። ነቢዩም ጨርቁን ከብብቱ በታች አድርጎ፥ በገመድ ተስቦ ወጣ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሰው የምታከብረው ሠራዊት ስለ መራ ወይም ከተማ ስለ ያዘ አይደለም፤ ሌሎች ትተውት የሄዱትን አንዱን ሰው ሊያወጣ ስለ ወጣ ነው። እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጨርቅና ገመድ በሰማይ ላይ በሚቆም መኪና ላይ ተሰቅለው አስቡት።

ጆን ኮልሽ የተወለደው በ1916 ዓመተ ምሕረት በታኅሣሥ ወር (በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 22 ቀን 1923) በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ነው። ያደገው ግን በአሜሪካ ነው። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ያጠና፥ መጻሕፍትን የሚወድድ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942፥ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በባሕር ኃይል የአብራሪነት ትምህርት ለመማር ገባ። ያም ጦርነት ካለፈ በኋላ ባሕር ኃይሉን አልተወም። የኮርያ ጦርነት በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1950) በተነሣ ጊዜ፥ ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የሄሊኮፕተር ሥራ ተምሮ ነበርና፥ የትምህርት ቤቱን ስም በያዘችው ፕሪንስተን በምትባለው የአይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሆኖ ወደ ኮርያ ባሕር ሄደ። የጊዜውን ተራ ፈጽሞ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን እርሱ በፈቃዱ በዚያው ቀረ። ሰዎችን ከባሕርና ከጠላት ምድር የማውጣት ሥራ ገና አላለቀም ነበርና።

ሄሊኮፕተር ምን እንደ ሆነ ዛሬ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ኮልሽ ያበረው የነበረው ሲኮርስኪ የተባለው ኩባንያ የሠራው፥ አንድ ሞተር ብቻ ያለው ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ከአብራሪው ሌላ ሦስት ሰው ያህል ከመያዝ የማያልፍ፥ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይፈጥን፥ ጥይት የሚመክት ብረት የሌለበት፥ መትረየስም ያልተጠመደበት ነበር። በጎኑ ላይ ገመድ የሚጠቀለልበት ማንሻ አለ፤ በገመዱ ጫፍ ላይም የተቸገረው ሰው በብብቱ ሥር የሚያስገባው ማንገቻ ተንጠልጥሏል። ሰው በሚነሣበት ጊዜ ሄሊኮፕተሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ በአየር ላይ መቆም አለበት። እንዲህ ቆሞ ሳለ፥ በዛፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ወፍ፥ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሁሉ ቀላል ዒላማ ነው። ደግሞም አብራሪው ከበታቹ ያለውን አያይም። የሚያይለት፥ ገመዱን የሚያወርድለትና የሚስብለት ከኋላው ያለው ረዳቱ ነው። አብራሪው እጅ ሲሆን ረዳቱ ዓይን ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ማንንም ሊያድን አይችልም። ስለዚህ የኮልሽን ስም ባነሣሁ ቍጥር፥ የረዳቱን የጆርጅ ኒልን ስም አብራችሁ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

በኮርያ ምሥራቅ ጠረፍ ወንሳን የተባለ ታላቅ ወደብ አለ። የአሜሪካና የተባባሪዎቿ መርከቦች ከየካቲት 1943 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1951) ጀምሮ ጦርነቱ እስከ ቆመበት ቀን ድረስ 861 ቀን ሙሉ ይህን ወደብ ከበው ነበር። የአይሮፕላን አብራሪዎች በዚያ አገር ላይ ሲመቱና ሲወድቁ ፈጥኖ የሚደርስላቸው እንዲኖር፥ በወደቡ ፊት ለፊት ባለች መርከብ ላይ ሄሊኮፕተር ይጠብቅ ነበር። ኮልሽና ኒል የነበሩት በዚያ ነው።

በሰኔ 26 ቀን 1943 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 3 ቀን 1951) ወደ ማታ፥ ሻምበል ጄምስ ዊልኪንስ የተባለ የማሪን ጦር አብራሪ ኮርሴር በተባለው ተዋጊ አይሮፕላኑ ሲበር ተመትቶ፥ ከወንሳን ርቆ ወደ ውስጥ በሚገኘው ተራራማ አገር በጃንጥላ ወረደ። እግሩ በእሳት ተቃጥሎ ነበር። ወሬው ወደ መርከቢቱ በደረሰ ጊዜ ቀኑ ሊመሽ ነው፤ ጉም ተራሮቹን ከጫፋቸው በታች ሸፍኗቸዋል፤ አገሩም በጠላት ወታደር የተሞላ ነው። ኮልሽ ግን በገዛ ፈቃዱ እኔ እሄዳለሁ አለ። ኒልም አብሮት ተነሣ።

ከሄሊኮፕተሩ ጋራ የተላኩት ተዋጊ አይሮፕላኖች ወደ ቦታው በደረሱ ጊዜ፥ ደመናው እንደ ጣራ የተዘጋ ሆኖ ከበታቹ ያለውን ለማየት አልቻሉም። ከፍጥነታቸው የተነሣ በተራሮች መካከል ወደ ጉሙ ሊገቡ አይችሉም ነበር። ያን ጊዜ ኮልሽ፥ አጃቢዎቼ ሊከተሉኝ ካልቻሉ እመለሳለሁ ቢል፥ የሚወቅሰው አንድም ሰው ባልነበረ። እርሱ ግን ብቻውን ከደመናው በታች ወረደ። ከመሬት እጅግ ሳይርቅ፥ ሸለቆውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይፈልግ ጀመር። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ በተራራው ስለሚያስተጋባ፥ ጠላት ሁሉ መምጣቱን ሰምቶ ይተኩስበት ነበር። አንድ ጊዜ ተመታ፤ ፍለጋውን ግን አልተወም። ከብዙ ድካም በኋላ የተቃጠለውን ሰው አገኘው፤ በላዩም ቆመ። ኒልም ገመዱን አወረደ።

ዊልኪንስ በማንገቻው ገብቶ ወደ ላይ እየተሳበ ሳለ፥ የጠላት ጥይት ሄሊኮፕተሩን ደግሞ መታው። ሄሊኮፕተሩም በተራራው ጎን ላይ ወደቀ። ሦስቱም ግን በሕይወት ተረፉ። ኮልሽ ረዳቱንና ቍስለኛውን ከስብርባሪው አውጥቶ፥ ወታደሮች ከመድረሳቸው በፊት ወደ ጫካው ሸሸጋቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ዘጠኝ ቀን አስቡ። ሦስቱ ሰዎች ወደ ባሕሩ ለመድረስ ተነሡ፤ በባሕሩ ላይ የወገን መርከቦች አሉና። ቍስለኛው መራመድ የሚቸግረው ነበር። ኮልሽና ኒል እየደገፉና እየተሸከሙ፥ የሚቻላቸውን ያህል ቍስሉን እየጠበቁለት፥ ከሚፈልጓቸው ወታደሮች እየተሰወሩ በተራራና በሸለቆ ሄዱ። የሚበሉት ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። እኔ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በቈጠርሁት ጊዜ አንድ ነገር አገኘሁና ልቤ ተነካ። ከሰኔ 26 ጀምሮ ያለው ሳምንት በእኛ ዘንድ የሐዋርያት ጾም የመጨረሻው ሳምንት ነው። እኛ በፈቃዳችን ስንጾም፥ እነርሱ በዚያ ተራራ ላይ በግድ ይጾሙ ነበር። የእኛ ጾም ግን በሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ይፈታል፤ የእነርሱ ጾም የዚያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነበር። በባሕሩ ዳር ባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ደርሰው፥ የወገን መርከቦች ወዳሉበት ውኃ ከተቃረቡ በኋላ ተያዙ።

ከተያዙም በኋላ ኮልሽ ስለ ራሱ አልለመነም። ቍስለኛው ዊልኪንስ ሕክምና እንዲሰጠው ደጋግሞ አጥብቆ ጠየቀ፤ ጠባቂዎቹ ተቈጥተው ቢያስፈራሩትም አልተወም። በመጨረሻም ቍስለኛው እንዲታከም ተደረገ። ኮልሽ በምርኮ ቤት ሳለ ለማረኩት ሰዎች በምንም ነገር ሊረዳቸው እምቢ አለ። በ1949 በጄኔቫ የተጻፈው የምርኮኞች ውል፥ ምርኮኛ ስሙን፥ ማዕርጉን፥ የተወለደበትን ቀንና የወታደርነት ቍጥሩን ከመንገር በቀር ሌላ ነገር እንዲናገር አያስገድደውም። ኮልሽም ለራሱና ለጓደኞቹ ይህ መብት እንዲከበር ይከራከር ነበር። የሚሰጠውም ምግብ ለአንድ ሰው የማይበቃ ሳለ ከርሱ ለባሱ ሕሙማን ያካፍል እንደ ነበር አብረውት የነበሩት መሰከሩለት።

እንዲህም ሆኖ በጥቅምት 5 ቀን 1944 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 16 ቀን 1951) በረሃብና በተቅማጥ ደዌ ሞተ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። በዚያ ጦርነት ከተማረኩት ከ7,000 በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን ከ2,700 የማያንሱት በምርኮ ሳሉ ሞተዋል፤ እርሱም ከእነዚህ አንዱ ነው። ዊልኪንስና ኒል ግን ያን ሁሉ መከራ አልፈው፥ ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1953) ከቆመ በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ። የሆነውንም ነገር ሁሉ ለዓለም የመሰከሩት እነርሱ ናቸው።

በሐምሌ 1947 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 3 ቀን 1955) የአሜሪካ መንግሥት ከሁሉ የበላይ የሆነውን ሜዳል ኦፍ ኦነር የተባለውን ኒሻን ለእናቱ ሰጠ። ከሄሊኮፕተር አብራሪዎች ይህን ኒሻን ለመቀበል የመጀመሪያው እርሱ ነው። ረዳቱ ኒልም የባሕር ኃይል መስቀል የተባለውን፥ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ታላቅ ኒሻን ተቀበለ። የኮልሽ አፅም ወደ አገሩ ተመልሶ በአርሊንግተን በሚገኘው የወታደሮች መቃብር ዐረፈ። በ1967 በባሕር ላይ የወጣች አንዲት የጦር መርከብም ስሙን ይዛ ለብዙ ዓመት አገልግላለች። በእኛም ዘመን አንድ አዲስ የጦር መርከብ በጆርጅ ኒል ስም እንዲጠራ ተወስኗል። ደግሞ ኒሻኑ ለእናቱ በተሰጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአሜሪካ ወታደር በምርኮ ጊዜ ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዓት በስድስት አንቀጽ ደንግገው አወጡ። ከሥርዓቱም አንዱ ምርኮኛ ለጓደኞቹ ታማኝ ሆኖ እንዲኖር የሚያዝዝ ነው። ለዚህም ሥርዓት የኮልሽ አኗኗር እንደ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ይህ ሰው ምን አተረፈ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሊያወጣው የሄደውን ሰው አላወጣውም። ሄሊኮፕተሩ ጠፋ። አንድ ምርኮኛ ሊሆን የነበረው ሦስት ምርኮኞች ሆኑ። እርሱም ሞተ። በነጋዴ ሚዛን ቢመዘን ኪሳራ ነው። ይህን ጥያቄ አቃልዬ ልመልሰው አልወድም፤ ምክንያቱም ኮልሽ የገዛ ነፍሱን ብቻ ሳይሆን የወጣቱን የኒልንም ነፍስ ይዞ ነው የወረደው። ሌላውን ሰው ወደ አደጋ የሚወስድ አዛዥ በእግዚአብሔር ፊት ከባድ ነገር ይሸከማል።

ነገር ግን እስቲ ነገሩን ከዊልኪንስ ጎን ሆነን እንየው። ተቃጥሎ፥ ብቻውን፥ በጠላት ምድር ወድቆ፥ ቀኑ ሲመሽበት፥ ማንም እንደማይመጣለት ባሰበበት ሰዓት ያን ድምፅ ሰማ። ባይወጣም እንኳ አልተተወም ነበር። ዘጠኙን ቀን ብቻውን ቢሆን ኖሮ በዚያ ቍስል እንዴት በቆየ ነበር? በተያዘስ ጊዜ ስለ ሕክምናው ማን በተከራከረለት ነበር? ኮልሽ በገመድ ሊያወጣው አልቻለም፤ ነገር ግን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ አብሮት ተቀመጠ። ዊልኪንስም በመጨረሻ ወጣ። ስለዚህ ሥራው በከንቱ ቀረ ለማለት አይቻልም። ደግሞም ከዚያ ቀን በኋላ በጠላት አገር ላይ የሚበር አብራሪ ሁሉ፥ ብወድቅ የሚፈልገኝ አለ ብሎ ያምን ዘንድ ምክንያት ሆነ። ይህን እምነት የሚተክል ሰው፥ ያላያቸውን ብዙዎችን ያጸናል።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር ልመለስ። ኮልሽ በወንሳን ሰማይ ሲበር፥ በዚያው ክረምት የቃኘው የመጀመሪያው ሻለቃ በኮርያ ምድር ነበር። ሻለቃው ከአገሩ ወጥቶ በሚያዝያ መጨረሻ 1943 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1951) ፑሳን ወደብ ደረሰ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በየተራው በዘመቱት ወታደሮቻችን መካከል ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ530 በላይም ቈሰሉ። በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1960 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1968) በዚያ ተገኝተዋል። ስለ ሻለቃው ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ የክብር ነገር አለ፤ እርሱም በዚያ ሁሉ ጦርነት አንድም ኢትዮጵያዊ አለመማረኩ ነው። ይህ እውነተኛ ክብር ነው። እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በኵራት ስንሰማው ኖረናል።

ነገር ግን ይህ ኵራት ባልታሰበ መንገድ አንድ ክፉ ነገር በልባችን እንዳይዘራ እፈራለሁ። አልተማረኩም ብለን ስናመሰግን፥ የተማረኩትን ያሳፈሩን አድርገን እንድናይ ያደርገናልና። ሞት ከምርኮ ይሻላል የሚል ቃል በቤታችን ሲነገር ኖሯል። ለዘማቹ የድፍረት ቃል ነው፤ ለምርኮኛው እናት ግን እንደ ጦር ይወጋል።

የገዛ ታሪካችን ግን ከዚህ ቃል ይልቅ ጥልቅ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ በነበሩ ጊዜ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ብለው በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሞቱ። የተያዙ ነበሩ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን በከተማይቱ ውስጥ ከእርሳቸው ይልቅ ነጻ የሆነ ሰው አልነበረም። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አይሮፕላኑ ተመትቶ የተማረከው ጀግናው አብራሪ ለገሠ ተፈራም በሶማሊያ 11 ዓመት ያህል ታስሮ በ1988 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ አገሩ ተመለሰ። አይሮፕላኑን ሲያበር ከሠራው ሥራ ይልቅ ያ 11 ዓመት ያነሰ ነው የሚል ማን ነው? የሰው ጀግንነት መሣሪያው ከእጁ ሲወድቅ አያልቅም፤ እንዲያውም በእውነት የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

እነሆ፥ ሦስተኛውን ምክንያቴን የምናዘዝበት ጊዜ ደረሰ። እናንተ እንደምታውቁት፥ የዚህን ደብር ልጆች በጦርነት የወደቁትን ስም በሰሌዳ ጽፈን በዚህ ኢዮቤልዩ እንድናቆም ከተወሰነ በኋላ፥ ስሞቹን ከቀድሞው መዝገብ የመገልበጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። መዝገቡ በአንዳንዱ ስም አጠገብ «ወደቀ» ይላል፤ በአንዳንዱም አጠገብ «ተማረከ» ይላል። እኔ «ወደቀ» የሚለውን ሁሉ ገለበጥሁ፤ «ተማረከ» የሚለውን ተውሁት። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘኝም፤ መጠየቅም አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ሰሌዳው ሊጻፍ ሲል፥ ልጃቸው በምሥራቅ ግንባር ተማርኮ በዚያው በእስር ቤት የሞተባቸው አንዲት አሮጊት እናት በደጀ ሰላሙ ጠብቀው አገኙኝ። «ልጄ፥ የልጄን ስም አገኘኸው ወይ?» አሉኝ። እኔም፥ «እማማ፥ የተጻፉት በጦርነት የወደቁት ናቸው፤ የእርስዎ ልጅ ግን ተማርኮ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም አልተቈጡም። ጥቂት ዝም ብለው፥ «የተማረከ ሰው አይሞትም ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝና ወደ ቅዳሴው ገቡ።

እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁ። በዚያን ሰሞን የኮልሽን ታሪክ አነበብሁ። አገሩ ከሁሉ የበላይ የሆነውን ኒሻን የሰጠችው ማርኮ ሳይሆን ተማርኮ ለሞተ ሰው መሆኑን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። የእርሱ እናት ኒሻን ተቀበለች፤ የእኛዪቱ እናት ግን ከደጃችን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያ ልጅም በእስር ቤት ሳለ ከጓደኞቹ ጋራ ምን ተካፍሎ እንደ ነበረ፥ ማንን ደግፎ እንደ ነበረ፥ እምቢ ያለውም ምን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። የሚመሰክሩለት ዊልኪንስና ኒል አልነበሩትም። መስካሪ ማጣቱ ግን ከሰሌዳችን የሚያስወጣው በደል አይደለም።

አንዳንድ ሰው፥ ስለ ባዕድና ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ስለ ሆነ ሰው በዐውደ ምሕረት አጠገብ መናገርህ ምን ሥርዓት ነው እንዳይለኝ፥ ይህንም ልናገር። እኔ ለኮልሽ ፍትሐት ይደረግ ወይም ከቅዱሳን ጋራ ይቈጠር አላልሁም፤ ይህ የአባቶች ነገር ነው። እርሱን ያነሣሁት የራሳችንን ልጅ ያሳየኝ መስተዋት ስለ ሆነኝ ነው። ሳምራዊውም ሰው በምሳሌ የተነገረን ለዚህ ነበርና። ደግሞም በዚያ ተራራ ላይ የተኰሱት ወታደሮችም እናት የወለደቻቸው፥ ምድራቸውን እንጠብቃለን ያሉ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ። የጦርነት ክፋቱ ለመጣላት ምክንያት የሌላቸውን ሰዎች ማገዳደሉ ነው። እኛ የምናስበው በዚያ ክፋት መካከል ሆኖ ሰውን ማውጣት ሥራው ያደረገውን ነው።

ስለዚህ፥ ክቡራን አባቶቼና የሰበካው ሽማግሎች ሆይ፤ በሰሌዳው ላይ ከታች በኩል ክፍት ቦታ እንዲቀር ሠራተኛውን ለምኜዋለሁ። በመዝገባችን «ተማረከ» ተብለው ተጽፈው ያልተመለሱት ስሞች አምስት ናቸው። በዚያ ክፍት ቦታ እንዲጻፉ፥ በመታሰቢያቸውም ቀን ስማቸው ከወንድሞቻቸው ስም ጋራ በአንድነት እንዲነሣ፥ የቀደመ ስሕተቴንም ይቅር እንድትሉኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለብቻቸውም በሌላ ዓምድ አይጻፉ፤ የወደቀውም የተማረከውም በአንድ ፊደል፥ በአንድ ተርታ ይጻፉ። አቤሜሌክ ወደ ጉድጓዱ በሄደ ጊዜ ነቢዩን ስለ ምን ገባህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ገመዱን ከማውረዱ በፊት ጨርቅ ፈለገለት እንጂ።

እኛ ለእነዚህ አምስት ልጆች ገመድ ልናወርድላቸው ጊዜው አልፏል። ስማቸውን ግን ከመርሳት ጉድጓድ ልናወጣው እንችላለን። ይህንም የምናደርገው ለእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ነገም ከዚህ ደብር ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ልጅ ሁሉ፥ ወድቄ ብቀር የሚፈልገኝ፥ ስሜንም የሚያነሣ አለ ብሎ እንዲሄድ ነው።

የሞቱትን ሁሉ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። በምርኮና በእስራት ያሉትን ያስፈታልን። ለእናቶቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ይህችን ደብር ለመቶኛው ዓመቷ ያድርስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።